ከአባያ ዳር ወደ ናንጂንግ፦ የልጅ ልጄን ላመጣ ሄጄ

የአርባ ምንጭ ሰው ስለ ሙቀት የሚያስተምረው አይፈልግም። በመጋቢት ፀሐይ ሲቀላ ገበያ ቆሞ ሙዝ የገዛ ሰው፣ ሌላ አገር ሄዶ «ሞቀኝ» ቢል ይሳቅበታል። እኔ ግን ጳጉሜን 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ናንጂንግ ከተባለች የቻይና ከተማ ባቡር ጣቢያ ስወጣ፣ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ወይ ሙቀት!» የሚል ነበር። ልጄ እየሳቀች አቀፈችኝ። ቻይናዎቹ ራሳቸው ናንጂንግን በወበቋ ምክንያት «ምድጃ» ከሚሏቸው ከተሞች እንደሚቆጥሯት የነገረችኝ እዚያው ቆመን ነው። «ሙቀት ብቻ ከሆነማ ቤቴ ነው የመጣሁት» አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። ስድስት ዓመት ሙሉ አልተያየንም ነበር።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። የተወለድኩት ጨንቻ፣ ከሸማኔ ቤት ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት ግን ቆላ ወርጄ፣ በአባያ ዙሪያ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ነው። ልጄ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በውሃ ምህንድስና ተመርቃ፣ በ2010 ዓ.ም. ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ናንጂንግ ሄደች። እዚያ ያለው ሆሃይ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1915 የተጀመረ፣ በውሃ ትምህርት ስሙ የታወቀ ነው። ኮቪድ መጣና ቻይና በሯን ሦስት ዓመት ያህል ዘጋች። ልጄ እዚያው ሆና ትምህርቷን ጨረሰች፤ እዚያው ከሚማር የአገሯ ልጅ ጋር ተጋባች። ሠርጋቸውን የመረቅሁት በስልክ ነው። ከዚያ በዚያችው ከተማ ለውጭ አገር ተማሪዎች የማስተማር ሥራ አገኘች። በሚያዝያ 2015 ሴት ልጅ ወለደች። አራስ መጠየቅ ለእኔ ሥራዬም ወጌም ነበር፤ የገዛ ልጄን አራስነት ግን የፓስፖርትና የቪዛው ነገር ሳይሳካ ቀርቶ በስክሪን አየሁት።

ባለቤቷ ሥራው ጠርቶት ወደ አገር ቤት ተመልሷል። እሷ የሁለት ዓመት ኮንትራት አለባት። ስለዚህ እንዲህ ተመካከርን። «እማዬ፣ ሦስት ወር አብረሽን ትቆዪና ይዘሻት ትመለሻለሽ። ኮንትራቴ ሲያልቅ እመጣለሁ» አለችኝ። እኔ በደስታ እሺ አልኩ። አልጋ አሠራሁ፤ አጎበር ሰቀልኩ። ጎረቤቶቼ «ሰው ከቻይና ስልክ ያመጣል፤ እርስዎ ልጅ ሊያመጡ ነው» እያሉ ቀለዱብኝ። ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ጽሑፍ ነገር ይኸው ነው፤ ልጅ ላመጣ ሄጄ ምን እንዳየሁና ምን ይዤ እንደተመለስኩ።

ቡናማው ውሃ

ከአዲስ አበባ ሻንጋይ አንድ ሌሊት ሙሉ በረርን። ከሻንጋይ ናንጂንግ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከአርባ ምንጭ ሻሸመኔ ካለው መንገድ ይረዝማል፤ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አልፈጀም። ፍጥነቱ በሰዓት 300 መድረሱን ከፊት ያለው ሰሌዳ ያሳያል። እኔ ግን እጄ የወንበሩን ክንድ አልለቅ ብሎ ነበር የደረስኩት።

በማግስቱ ልጄ ያንግትዜን አሳየችኝ። እነሱ «ቻንግ ጂያንግ» ይሉታል፤ ረጅሙ ወንዝ ማለት ነው። ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው ባሕር የሚገባው። እኔ የጠበቅሁት ሰማያዊ ውሃ ነበር። ያየሁት ግን አባያን ነው። ያው ቡናማ፣ ያው አፈር የጠጣ ውሃ። በላዩ ትልልቅ የጭነት መርከቦች ባይመላለሱ ኖሮ ከሴቻ ቁልቁል የማይ ይመስለኝ ነበር። «ለዚህ ነው የለመድኩት» አለች ልጄ። «መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን ሲጨንቀኝ እዚህ እየመጣሁ እቀመጥ ነበር።»

ወንዙ ላይ የተሠራው ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1968 የተመረቀ ነው፤ በላዩ መኪና፣ በታቹ ባቡር ያልፍበታል። የሶቪየት ባለሙያዎች ጥለዋቸው ከሄዱ በኋላ በራሳቸው መሐንዲሶች የጨረሱት ስለሆነ ይኮሩበታል። ሽማግሌዎች የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው እየመጡ ያሳያሉ። እኛም እንግዳ ሲመጣ ወደ አርባዎቹ ምንጮች እንደምንወስደው ማለት ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ያስቸገረኝ ቋንቋው ብቻ አልነበረም፤ ስልኩ ነው። ቴሌግራሙም ፌስቡኩም እዚያ አይሠራም። ሁሉም ሰው ዊቻት በሚባለው ይገናኛል፤ በዚያው ይከፍላል። ጎመን የምትሸጥ እናት እንኳ ፊት ለፊቷ የተለጠፈ አራት ማዕዘን ምልክት አላት፤ ስልክ ይደቀንበታል፣ ሒሳብ ይዘጋል። እኔ ብር ሳወጣ ለመልስ ኪሷን ስትበረብር እኔው ተሳቀቅሁ። ውሃ ደግሞ ሁሌም ሙቅ ነው። ምግብ ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ባቡሩም ሙቅ ውሃ ያቀርባል። ቀዝቃዛ ውሃ ስጠይቅ አንዲት አስተናጋጅ እንደ በሽተኛ አየችኝ።

መንገድ ላይ ሕፃናት ጣታቸውን እየቀሰሩ «ላኦዋይ! ላኦዋይ!» ይሉኛል። የውጭ ሰው ማለት ነው። መጀመሪያ ከፋኝ። ኋላ ግን የእኛ ሰፈር ልጆች መንገድ ሠሪዎቹን ባዩ ቁጥር «ቻይና! ቻይና!» እያሉ የሚሮጡት ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ተራው የእኔ ነው።

«ላኦሺ»

በደረስኩ በሦስተኛው ቀን፣ ጳጉሜን 5፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 10 መሆኑ ነው፣ በቻይና የመምህራን ቀን ነበር። ልጄ ከክፍል ስትመለስ አበባና በእጅ የተጻፉ ካርዶች ታቅፋ መጣች። ተማሪዎቿ «ላኦሺ» ይሏታል። «ላኦ» አሮጌ ወይም ታላቅ ማለት ሲሆን ለክብር ይጨመራል፤ «ሺ» መምህር ነው። የእኛን «የኔታ» ይመስላል። ገና ሠላሳ ምናምን ዓመቷ ነው፤ «ታላቅ» ተብላ ስትጠራ ስሰማ ኩራት ተሰማኝ።

አንድ ቀን ክፍሏ ገብቼ ከኋላ እንድቀመጥ ፈቀደችልኝ። ከፓኪስታን፣ ከታንዛኒያ፣ ከላኦስ የመጡ ልጆች አሉ፤ ጥቂት ቻይናዎችም አብረው ይማራሉ። ትምህርቱ ስለ ደለል ነበር። ከተራራ የታጠበ አፈር እንዴት ወንዝ ገብቶ ሐይቅ እንደሚሞላ ታስረዳለች። ከዚያ ከሰማይ የተነሳ ፎቶ ግድግዳው ላይ አወጣች። ሁለት ሐይቆች ጎን ለጎን፤ አንዱ ቡናማ፣ ሌላው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። መሃላቸው ጠባብ ኮረብታ። አባያና ጫሞ! መሃል ያለው የእግዜር ድልድይ! እኔ ወንበሬ ላይ ተንቀጠቀጥኩ።

«እነዚህ ሐይቆች ጎረቤት ናቸው። ለምን መልካቸው ተለያየ?» ብላ ጠየቀች። ማንም አልመለሰም። ዝምታው ሲረዝም እኔ ስለ እሷ ተጨነቅሁ። እሷ ግን ረጋ ብላ ጠበቀች። በኋላ እንደነገረችኝ ሥራ የጀመረች ሰሞን ይህ ዝምታ ሊገድላት ደርሶ ነበር። «ጥያቄ አላችሁ?» ስትል ቻይናዎቹ ተማሪዎች አንገታቸውን ይደፋሉ። ጠልተውኛል ብላ ቤቷ እየገባች ታለቅስ ነበር። አንድ የቆዩ መምህር ናቸው የገለጹላት፤ በሰው ፊት መሳሳት ነውር ስለሆነባቸው ነው እንጂ ጠልተዋት አይደለም። እውነትም ክፍሉ ሲያልቅ ጠረጴዛዋ ፊት ተሰልፈው አንድ በአንድ ይጠይቋታል። የጨንቻ ልጅ ሆኜ ይህን እንዴት አላውቀውም? እኛም ታላቅ ፊት አፋችንን ይዘን ነው ያደግነው።

በመጨረሻ አንድ ቻይናዊ ልጅ ቀስ ብሎ እጁን አነሳ። «ወደ ቡናማው የሚገቡት ወንዞች ብዙ አፈር ይዘው ይመጣሉ» አለ። ልጄ ፈገግ አለች። ስንት ጊዜ ከአባያ ዳር ቆሜ ያንን ውሃ አይቻለሁ! ከጣና ቀጥሎ በስፋቱ ሁለተኛ የሆነው ሐይቃችን በናንጂንግ ክፍል ውስጥ ትምህርት ይሆናል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የውጭ አያት

ልጄ ማስተማር ስትሄድ እኔ ሕፃኗን አዝዬ እወጣለሁ። ከቤታችን ብዙም የማይርቅ ሹዋንው የሚባል ሐይቅ አለ፤ በከተማው መሃል የተኛ፣ በአንድ በኩል የጥንት ግንብ የሚያዋስነው። ግንቡ ከ600 ዓመት በፊት የተሠራ ነው። አሁንም 25 ኪሎ ሜትር ያህሉ ቆሞ ይታያል። ጡቦቹን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ጽሑፍ ያገኝባቸዋል። የየትኛው አውራጃ ጡብ እንደሆነ፣ ማን እንደሠራው፣ ማን እንደተቆጣጠረው ተቀርጾበታል። ጡቡ ቢሰበር ተጠያቂው ይታወቃል።

ከግንቡ ሥር ያለው መናፈሻ ጠዋት ጠዋት የአያቶች ነው። ጋሪ የሚገፉት፣ የሚያባብሉት፣ ጡጦ የሚያጠቡት አያቶች ናቸው። ወላጆች ሥራ ላይ ናቸው። ማታ ማታ ደግሞ እነዚሁ እናቶች ሙዚቃ ከፍተው በሰልፍ ይጨፍራሉ። አንዳቸውም ወገቤን ሲሉ አልሰማሁም፤ ቀናሁባቸው።

በመጀመሪያው ቀን አንዲት የሕንጻችን ነዋሪ እናት መጡና የልጅቷን እግር ይዘው ይቆጡኝ ጀመር። በዚያ ሙቀት ካልሲ አላደረግሁላትም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እናቶችን ስቆጣ የኖርኩ ነርስ፣ ቻይና ሄጄ ተራዬ ደረሰ። ሴትዮዋ ስልካቸውን አወጡ፤ ይናገሩበታል፣ ስልኩ በእንግሊዝኛ ይተረጉማል። እኔም በእንግሊዝኛ እመልሳለሁ። «የወንድ ልጅዎ ልጅ ናት ወይስ የሴት?» አሉኝ። የሴት ልጄ ስላቸው «እንግዲያው ዋይፖ ነዎት» አሉ። በእነሱ ዘንድ የአባት እናት «ናይናይ» ናት። የእናት እናት «ዋይፖ» ናት፤ «ዋይ» ውጭ ማለት ነው። የውጭ አያት! መንገድ ላይ ላኦዋይ፣ ቤት ውስጥ ዋይፖ፤ በሁለቱም በኩል ውጭ ሆንኩ ማለት ነው።

እኚህ ሴት ናቸው ልጄ ስትወልድ ሾርባ ያመላለሱላት። ቻይናዎች «ወሩን መቀመጥ» የሚሉት አላቸው። አራስ ወር ሙሉ ከቤት አትወጣም፣ ቀዝቃዛ አትነካም፣ ነፋስ አይመታትም፤ የዶሮ ሾርባና የማሽላ አጥሚት ትጠጣለች። በአራስ ቤት ገንፎ ያደግን ሰዎች ይህ አይገርመንም። የሆነ ሆኖ ልጄን ባዕድ እንዳላረሳት ሳውቅ ሴትዮዋን ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ።

ከክትባት ካርዷም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ልጅቷ ክንድ ላይ ያለው የቢሲጂ ጠባሳ የእኛው ነው። ግን እኛ አገር በጤና ጣቢያ በነፃ የሚሰጡት የሳንባ ምችና የሮታ ክትባቶች እዚያ በክፍያ ናቸው። ካርዱን ደግሜ ሳነብ በሙያዬ ኩራት ተሰማኝ። ሁሉም ነገር በትልቅ ሕንጻ አይለካም።

በዚያ ዓመት የመስቀል በዓል በዋለ ማግስት፣ መስከረም 18፣ የቻይናዎቹ የጨረቃ በዓል ሆነ። ጨረቃዋ ሙሉ በምትሆንበት ቀን ቤተሰብ ይሰበሰባል፣ ክብ ኬክ ይቆረሳል፤ ሩቅ ያለ ሰው ባቡር ተሳፍሮ ወደ ቤቱ ይገባል። ባቡር ጣቢያውን ብታዩት አዲስ አበባ ያሉ ሸማኔዎቻችን ለዮ ማስቃላ ወደ ጋሞ ሲጎርፉ የአውቶቡስ መናኸሪያው የሚሆነውን ይመስላል። እኛ ሦስታችን መስኮቱ ሥር ተቀመጥን። ልጄ ጨረቃዋን እያየች «እማዬ፣ እቤት አሁን ጨንቻ ላይ ብርድ ነው አይደል?» አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

የሸማኔ ልጅ ሸማኔ ስታይ

በጥቅምት ልጄ የሐር ጥበብ የሚሠራበት ሙዚየም ወሰደችኝ። «ዩንጂን» ይሉታል፤ የደመና ሐር እንደማለት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቦታል። ዘንጉ እንደ ፎቅ ቁመት አለው። አንድ ሰው ላይ ተቀምጦ ድሩን ይስባል፤ ሌላው ታች ሆኖ ማጉን ይወረውራል። ሁለቱ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሠርተው ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው የሚሸምኑት። አባቴ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ለአንድ ጥለት ሲጨነቅ የነበረው ትዝ አለኝና ከሙዚየሙ መውጣት አቃተኝ። ሠራተኛዋ ያለቀስኩት አሞኝ መስሏት ሙቅ ውሃ አመጣችልኝ።

ከዚያው አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1937 ዓ.ም. የጃፓን ጦር በከተማዋ ለፈጀው ሕዝብ የቆመ መታሰቢያ አለ። በሩ ላይ የቆምኩት ቀኑን እየቆጠርኩ ነው። የእኛ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ያው 1937 ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለታችንም አልቅሰናል። ሕፃን አዝዬ ስለነበር አልገባሁም።

ከአባያ ዳር የማውቀው መድኃኒት

አንድ ቀን የልጄ ባልደረባ የሆነች መምህርት ቤታችን ሻይ ልትጠጣ መጣች። ሥራዬን ጠየቀችኝ። ስለ ወባ ነገርኳት። በ1996 ዓ.ም. መጀመሪያ ወረርሽኙ ሲነሳ በአባያ ዳር ያሉ ጤና ጣቢያዎች ምን እንደሚመስሉ ነገርኳት። ክሎሮኪን ሥራውን ካቆመ ቆይቷል፤ ፋንሲዳሩም እየደከመ ነበር። እናቶች ከሙዝ እርሻው ልጅ ታቅፈው ይመጣሉ። መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፈን እናክም ነበር። ማታ ቤቴ ስገባ የሞቱትን ላለመቁጠር እሞክራለሁ። ከዚያ ኮአርተም የሚባለው መድኃኒት መጣ። ሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ትናንት የደነዘዘ ልጅ በማግስቱ ዳቦ ሲጠይቅ ያየሁት በዚያ መድኃኒት ነው።

መምህርቷ ፈገግ አለችና ስልኳ ላይ የአንድ ቅጠል ሥዕል አሳየችኝ። «ቺንግሃኦ» አለች። መልኩ አሪቲያችንን አስታወሰኝ። የኮአርተም ዋና ንጥረ ነገር የተገኘው ከዚህ ተክል ነው። ታሪኩን ለአንባቢ ባጭሩ ልንገር። ከ1,600 ዓመት በፊት ጌ ሆንግ የሚባል ሊቅ ተክሉን በውሃ ዘፍዝፎ፣ ጨምቆ መጠጣት ለወባ ትኩሳት እንደሚሆን ጽፎ ነበር። የትውልድ አገሩ ጁሮንግ ከናንጂንግ አጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የቻይና መንግሥት የወባ መድኃኒት የሚፈልግ ምስጢራዊ ፕሮግራም ጀመረ። ቱ ዩዩ የተባለች ተመራማሪ የድሮ መጻሕፍትን ስታገላብጥ ያንን ጽሑፍ አገኘች። ተክሉ አልተቀቀለም፤ ተጨመቀ ነው የሚለው። ሙቀት መድኃኒቱን እንደሚያጠፋው ገባትና በዝቅተኛ ሙቀት አወጣችው፤ ሠራ። ለሕመምተኛ ከመስጠቷ በፊትም ራሷ ወስዳ ሞከረችው። እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። ዶክትሬት የላትም፤ ውጭ አገር አልተማረችም። እኔ ባለ ዲፕሎማዋ ይህን ስሰማ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።

ቻይና በአንድ ወቅት በዓመት 30 ሚሊዮን ሰው ወባ ይይዛት የነበረች አገር ናት። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ከወባ ነፃ መሆኗን የዓለም ጤና ድርጅት አረጋገጠላት። በዚያው ሰሞን ከአርባ ምንጭ የሚደወልልኝ ግን ሌላ ወሬ ነበር፤ ወባ እንደገና እያገረሸ ነው፣ አልጋ ሞልቷል ይሉኛል። ስልኩን ዘግቼ አልጋዋ ላይ የተኛችውን ልጅ አየሁ። ወባ በሌለበት አገር ተወልዳ፣ አንዲት ትንኝ ሳትነክሳት ስድስት ወር ሊሞላት ነው። እኔ ደግሞ ወደ አባያ ዳር ላወርዳት ትኬት ይዣለሁ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የኅዳር ሌሊት

በኅዳር ከተማዋ ድንገት በረደች። በዚያ ወር በብዙ የቻይና ከተሞች የሕፃናት የመተንፈሻ ሕመም በርትቶ ነበር። የእኛዋም ሳል ጀመራት፤ ከዚያ ትኩሳቷ 39 ተኩል ደረሰ። ሰዓቴን ይዤ ትንፋሿን ቆጠርኩ፤ በደቂቃ 44። በዕድሜዋ ከ50 በታች ከሆነ፣ ደረቷም ካልተሰረጎደ የሳንባ ምች አይደለም። ይህን ለስንት ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አስተምሬያለሁ። ያን ዕለት ግን ሦስት ጊዜ ቆጥሬ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የሰው ልጅ ሌላ ነው፣ የራስ ሌላ።

ጎረቤታችን ሳል ሰምተው ኮታቸውን ደርበው መጡ። ተራ በስልካቸው ያዙልን፤ አብረውን ሆስፒታል ሄዱ። አዳራሹ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ግሉኮስ የተሰካላቸው ሕፃናት በአያቶቻቸው ጭን ላይ ተኝተዋል። አያቶቹ ከረጢቱን በእጃቸው ከፍ አድርገው ይዘዋል። ከጣቷ ደም ተወሰደ፤ ውጤቱ ብዙ ሳይቆይ ደረሰ። ሐኪሙ ሳንባዋ ንጹሕ ነው፣ ግሉኮስም አያስፈልጋትም አለን። ልጄ ጡት ሰጠቻት። ልጅቷ እየጠባች የእናቷን አንገት ይዛ ተኛች።

ያኔ ነው ጎረቤታችን በስልካቸው ያወጉኝ። ወንድ ልጃቸውና ሚስቱ ለሥራ ወደ ከተማ ሲሄዱ የስምንት ወር ልጃቸውን ለእሳቸው ትተውላቸው ነበር። ገጠር ወስደው እስከ ስድስት ዓመቱ አሳደጉት። በቻይና ገጠሮች ይህ ያልተለመደ አይደለም፤ አያት ያሳደገው ልጅ ብዙ ነው። ልጁ ለትምህርት ወደ ከተማ ሲመለስ እናቱን «አዪ» እያለ ይጠራት ጀመር። አክስቴ ማለት ነው። እናትየዋ ለወራት ማታ ማታ ታለቅስ ነበር። እሳቸውም ቤታቸውን ዘግተው ተከትለው ከተማ ገቡ። ስልኩ በደረቅ ድምፁ ያሉትን አነበበልኝ፤ «ልጁን የወሰድኩት ልጄን ለመርዳት ነው። ምን እንደወሰድኩባት ያወቅሁት በኋላ ነው።»

ቤት ስንደርስ ነጋ። ለልጄ እንዲህ አልኳት፤ «ልጄ፣ እኔ ልወስዳት ነው የመጣሁት። እንደ አያት ከሆነ ዛሬውኑ አዝያት እሄዳለሁ። እንደ ነርስ ግን ጡት የምትጠባን ልጅ ከእናቷ ለይቼ ወባ ወደሚበዛበት ቆላ አላወርድም። እናቶችን እስከ ሁለት ዓመት አጥቡ እያልኩ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ።»

ልጄ መጀመሪያ ተቆጣች። «እማዬ፣ አንቺ ስትሄጂ እኔ ምን ልሁን? ማን አለኝ?» አለች። መልስ አልነበረኝም። እውነቷን ነው። ቀላል ነገር ነው የነገርኳት ብዬ አላታልላችሁም። ሦስት ቀን ተኳረፍን። በአራተኛው ቀን ተቀምጠን ሒሳብ ሠራን። ከደመወዟ ቀን ቀን የምትይዝላት ሞግዚት ተገኘች። ጎረቤታችን ከሰዓት በኋላ ብቅ እያሉ ሊያዩላት ቃል ገቡ። ባለቤቷ ፈቃዱን አሰባስቦ በየካቲት ሊሄድ ተስማማ። እኔ ደግሞ ለልጅቷ ትኬት ያስቀመጥኩትን ገንዘብ ትቼላት ሄድኩ።

ባዶ ጀርባ

በታኅሣሥ ብቻዬን ተመለስኩ። ጎረቤቶቼ «የታለች ልጅቱ?» አሉኝ። የተሰቀለውን አጎበር አወረድኩት። አልጋውን ለእህቴ ልጅ ሰጠሁት። ጀርባዬ ቀሎኝ ነበር፤ መቅለሉ ነው የከበደኝ።

ልክ ነበርኩ ወይ? ልጄ በዚያ ክረምት ብዙ ደክማለች፤ ታማም ነበር፤ አላየኋትም። ሌላ አያት በእኔ ቦታ ሆና ልጁን ብታመጣ አልፈርድባትም። አንዳንድ ጊዜ ሌላ መንገድ የለም። በየቤታችን ዓረብ አገር የሄዱ ልጆች የተዉልንን ሕፃናት የምናሳድግ አያቶች ብዙ ነን። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጆቻችን «ልጄን ውሰጅልኝ» ሲሉን በደስታ ከመቀበላችን በፊት፣ እኛ ወደነሱ መሄድ፣ ወይም ሌላ ረዳት ማግኘት ይቻል እንደሆነ አብረን እንቁጠር። መውሰድ ግድ ከሆነም የእናትየውን ድምፅና ፊት በየቀኑ ልጁ ፊት እናቅርብ። ያ የግንብ ጡብ የሠሪውን ስም ይዞ 600 ዓመት ከቆመ፣ ልጅም የእናቱን ስም ይዞ ይደግ።

ይህን ስጽፍ መጋቢት 2017 ዓ.ም. ነው። ልጅቷ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ኮንትራቱ በሐምሌ ያልቃል፤ ሁሉም አብረው ይመጣሉ ተብሏል። አጎበሩን እንደገና አጥቤ አስቀምጫለሁ። ማታ ማታ ከሴቻ አባያን እያየሁ በዊቻት እንደዋወላለን። ትናንት ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ «ዋይፖ!» አለችኝ፤ የውጭ አያቴ። ይሁን። ከዚያ ዞር ብላ ከወጥ ቤት የመጣችውን ልጄን «እማ!» ብላ ጠራቻት።